ፍሪሲዮኑ አዲስ፣ መንዘፍዘፉ ግን ባሰ፦ ቮላኖውን ልቀይር ወይስ ላስተካክል?

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለችኝ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። ሞተሯ 3ኤል፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ። በርበሬ ጭኜ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ስመለስ ያገኘሁትን እጭናለሁ። ክረምት ሳይገባ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። ሲሚንቶ ጭኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አቅም የላትም። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውርዶ ዲስኩን ብቻ ቀየረልኝ። መንሸራተቱ ቀረ። አሁን ግን በአንደኛም በኋላ ማርሽም ስነሳ ትንዘፈዘፋለች፤ ዳሽቦርዱ ሁሉ ይንቀጫቀጫል። ከተነሳች በኋላ ሰላም ናት። ሌላ መካኒክ አይቶ «ቮላኖው ነው፣ ቀይረው» አለኝ፤ ዲስኩ የሚያርፍበትን፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት ማለቱ ነው። ከፈረሰ ሞተር የወጣ ያገለገለ ቮላኖ አግኝቻለሁ። ልግዛው? ወይስ የራሴን ቮላኖ ብረት ወደሚያስተካክል ቶርኖ ቤት ልውሰደው? ሥራውን ከአጎቴ ልጅ ጋር ራሳችን ነን የምንሠራው፤ እሱ በሙያው ሰልጥኗል።

መልስ፦ መካኒክ ዘማርቆስ

ወንድሜ፣ ካምቢዮው ሳይወርድ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን የተሸከሙትን ጎማዎች፣ እይ። ኮፈኑን ክፈት፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የአጎትህ ልጅ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይልቀቅ። አንተ ከጎን ቆመህ ተመልከት፤ ፊት ለፊት እንዳትቆም። ሞተሩ ብድግ ብሎ የሚዘል ከሆነ ጎሚኒው አልቋል። እሱም ልክ እንደዚህ ያንዘፈዝፋል።

ጎሚኒው ደህና ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ቮላኖው ላይ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ሸራው እየተንሸራተተ ከወጣህ ሙቀቱን የጠጣው ቮላኖው ነው። አዲስ ዲስክ በተቃጠለ ፊት ላይ ሲያርፍ እኩል አይዝም፤ እየያዘ እየለቀቀ ይሄዳል።

ካምቢዮ ማውረድ ነው ዋናው ልፋት። አንዴ ከወረደ ዲስኩን፣ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌት፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንና በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። ዲስክ ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት ባሕር ዳር

ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካየህ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ጠንክሯል ማለት ነው። ተራ ቶርኖ ላይ ቢላው እዚያ ሲደርስ ይዘላል፤ ተሠርቶም ጉብታው ይቀራል። ስለዚህ በድንጋይ የሚሞርድ ማሽን ያለበት ቤት ውሰደው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከላይ ብቻ ከሆነ በሞረዳ ይጠፋል። ወደ ቡሎን ቀዳዳ የሚሮጥ ጥልቅ ስንጥቅ ካለ ግን አታስጠግን፤ ጣለው። ቮላኖ በሙሉ ዙር ላይ ቢፈነዳ ካምፓናውን፣ ዙሪያውን የሸፈነውን ቤት፣ ቀዶ እግርህ ጋ ይደርሳል።

መልሰህ ስታስረው ጥቃቅን መወዛወዝ በሚያሳየው መለኪያ፣ በኮምፓራተር፣ ለካው። በዙሩ ውስጥ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ መወዛወዝ የለበትም። ካለ ደግሞ ቮላኖውን ከመርገምህ በፊት የክራንኩን ፊት አጽዳ። ትንሽ ዝገት እንኳ በቂ ነው።

መልስ፦ ጋሼ ዘደጀን

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መኪና የምትይዝ ከሆነ አሥር ቮላኖ ብትቀይር ያው ነው። ጭነት ይዘህ ሽቅብ ከቆምክ በእጅ ፍሬን ያዝ። መኪናህ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ከሆነች በከባዱ ማርሽ ተነሣ፤ ካምቢዮው ይሥራ እንጂ ሸራው አይቃጠል። እግርህንም ፔዳሉ ላይ አታሳርፍ።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ እግሬን አሳርፋለሁ። ካምቢዮውን አወረድነው። ጎሚኒዎቹ ደህና ናቸው። ቮላኖው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሰማያዊ ቦታዎች አሉ፤ ስንጥቅ የለውም። አንድ ያልጠበቅነው ነገር፦ ካምፓናው ውስጥ ከታች በኩል ዘይት አለ። ዲስኩም ዳሩ ረጥቧል።

መልስ፦ መካኒክ ዘማርቆስ

በል አሽትተው። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል መጥፎ ሽታ አለው፤ አይሳሳትም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ደግሞ ጥቁርና ቀጭን ነው። ጥቁር ከሆነ የክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ነው፤ ቮላኖው ወርዶ እያለ ቀይረው። የሚሸት ከሆነ የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው። ይህን ሳታደርግ አዲስ ዲስክ ብታስገባ ገንዘብህን ዘይት ነከርክበት። የረጠበውን ዲስክ በቤንዚን አጥቤ እመልሳለሁ እንዳትል፤ ሸራው ዘይቱን መጦታል።

ትንሿን ኩሽኔታ ለማውጣት መጎተቻ ከሌላችሁ እርጥብ ዳቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ። ልኩ የሆነ ዘንግ አስገብታችሁ በመዶሻ ምቱ። ዳቦው ከኋላ እየገፋ ያወጣታል። በግራሶም ይሆናል፤ ግን ፊታችሁ ላይ ይተፋል።

መልስ፦ መለዋወጫ ሻጯ

ያገለገለውን ቮላኖ በተመለከተ፦ የራስህ ከተስተካከለልህ ተወው። ካልሆነ የራስህን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስቀምጥ። የቡሎን ቀዳዳው ብዛት፣ የዙሪያ ጥርሱ ብዛት፣ የዲስኩ ማረፊያ ስፋት አንድ መሆን አለበት። ጥርሱ ካልገጠመ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ይፈጫል። «የሃይሉክስ ነው» ብቻ አይበቃም፤ ሃይሉክስ ብዙ ሞተር አለው። አዲሱንም ዲስክ ሱቅ ሳትለቅ ከአሮጌው ጋር አስተያየው፤ ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ ላይ አስገቡት፤ በእጅ ያለ ጉልበት መንሸራተት አለበት።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

እህቴ አመሰግናለሁ። ሽታው የሞተር ነው፤ ፓራኦሊዮው ተቀየረ። ቮላኖው ተሞርዶ መጣ። ስንገጥም ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ መካኒክ ዘማርቆስ

እጃችሁን ታጠቡ። የቀልድ አይደለም፤ የግራሶ ጣት ሸራው ላይ ካረፈ መንዘፍዘፉ ይመለሳል። አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት የዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ በቲነር ጥረጉት። የዲስኩ ሞላዎች ያበጡበት ጎን ወደ ካምቢዮ ይዞራል። የዲስኩን ማእከል በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ያዙ። የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች እያቀያየራችሁ ትንሽ ትንሽ እሰሩ፤ መጨረሻው 19 ኒውተን ሜትር ነው። ካምቢዮው ሲገባ አልገጥም ካለ በቡሎን ጎትታችሁ አታስገቡት፤ ክብደቱም ዲስኩ ላይ አይንጠልጠል። ክሪክ ከሥር ይኑር።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

ገጠምን። መንዘፍዘፉ ጠፋ! ግን የኋላ ማርሽ ሲገባ ይንኮሻኮሻል።

መልስ፦ መካኒክ ዘማርቆስ

የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ አየር ይዟል። አንዱ ፔዳል ይርገጥ፣ አንዱ አየሩን ያስወጣ፤ የፍሬን ዘይቱ ከላይ እንዳያልቅ። ፔዳሉ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ ጨዋታ ይኑረው። ከዚያም ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ዲስኩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ማውረድ ነው።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

አየር ነው የነበረው። ማርሹ አሁን ዝም ብሎ ይገባል። ነገ ሲሚንቶ ልጫን?

መልስ፦ ጋሼ ዘደጀን

ኧረ ቆይ እንጂ ልጄ! መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቀላል ጭነት ይዘህ ሂድ፤ ሸራው ፊቱን ይስራ። ከዚያ ዓባይን ውረድ።