ዊንተሩን አገር ቤት ለመክረም ላሰቡ ጡረተኞች

ሰላም ለሁላችሁ። የሴንት ፖሏ እህታችን፣ "እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተናል፣ ከህዳር እስከ መጋቢት አገር ቤት ብንከርም ምን እናዘጋጅ?" ብለው ጠይቀዋል። እኛም ከሚኒሶታ በረዶ ሸሽተን ሦስት ጊዜ ሄደንበታልና የደረሰብንን ልንገርዎት።

በመጀመሪያ ለዘመድ ሲደውሉ "ክረምቱን እንመጣለን" እንዳይሉ! እኛ እንደዚያ ብለን ታናሽ እህቴ ለሐምሌ ቤት ስታፈላልግ ደረስንባት። የእኛ ዊንተር የእነሱ በጋ ነው። ወሩን በስሙ ይጥሩላቸው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ትኬትና ስለ ምንዛሪ ነው። እኔ ግን ቅድሚያ ለጤናው ነው የምለው። ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይከፍልም። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ተጨማሪ ኢንሹራንሶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ፕላን ጂ እና ፕላን ኤን፣ ውጭ አገር ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም 250 ዶላር ከኪስዎ ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ። ታዲያ ሕመሙ ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ የደረሰ መሆን አለበት፤ ክፍያውም በዕድሜ ልክ ከ50,000 ዶላር አያልፍም። አራት ወር የሚከርም ሰው ግማሹን ጊዜ ያለ ሽፋን ነው ማለት ነው። ለቀሪው የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ፤ ሲገዙም "ስኳርና ደም ግፊት አለብን፣ ይሸፍናል ወይ?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ጉዟችን የባለቤቴ ደም ግፊት ተነስቶባት አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ወሰድናት። አልጋ ሳይሰጡን ማስያዣ ጠየቁ፣ ከፈልን፣ ደህና አድርገውም አከሟት። ጣጣው የመጣው ከተመለስን በኋላ ነው። ደረሰኙ ላይ ቀኑ 15/04/2015 ይላል። ኢንሹራንሱ ወሩን ኤፕሪል፣ ዓመቱን 2015 አድርጎ አነበበውና "ያኔ የእኛ ደንበኛ አልነበሩም" ብሎ መለሰልን። ታህሳስ 15 ቀን 2015 ማለት በፈረንጅ ዲሴምበር 24 ቀን 2022 መሆኑን ለማስረዳት ስንት ስልክ፣ ስንት ደብዳቤ! ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ደረሰኙንም የሕክምና ማስረጃውንም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀን፣ ማህተም ያለበት አድርገው ያስጽፉ።

ደም ግፊቷን ያስነሳው ምን እንደሆነ እኔ እገምታለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ደግሞ ገና በደረስን በሳምንቱ አራተኛ ፎቅ ተከራይተን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሊፍቱ እየቆመ፣ ደረጃውን በእግራችን ነበር የምንወጣው። በየፎቁ አንዴ እየተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ የዘንቢሉን ሽንኩርት ይዤ። በሚቀጥለው ጊዜ ቢሾፍቱ ምድር ላይ ያለ ቤት ያዝን፤ እዚያ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ለእኛ ተስማማን። ግን እንደ ቢሾፍቱና ሀዋሳ ባሉ ቦታዎች ወባ ስላለ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ቤት ሲያዩ ሮቶ መኖሩን፣ መሙላቱንም ይመልከቱ። ከዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት መቀመጥ ክብር ነው፤ አራት ወር ግን ለእነሱም ለእርስዎም ጭንቅ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የመንግሥት የጡረታ ክፍያ፣ የአሜሪካ ዜግነት ካለዎት፣ አገር ቤት ቢሆኑም ወደ ባንክዎ መግባቱን ይቀጥላል። ኤስ.ኤስ.አይ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ፣ የሚቀበሉ ካሉ ግን ይጠንቀቁ፤ 30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ይቆማል፣ ተመልሰውም 30 ተከታታይ ቀን ካልሞሉ አይቀጥልም። አንድ ወዳጃችን ይህን ሳያውቅ ሄዶ የቤት ኪራዩን ልጆቹ ከፈሉለት። ግሪን ካርድ ላይ ያሉና ዜግነት ለማመልከት ያሰቡ ደግሞ ከ6 ወር ባያልፉ ጥሩ ነው።

እዚህ ለሚተዉት ቤት፣ እኛ ዋናውን ውሃ ዘግተን፣ ማሞቂያውን 55 ዲግሪ ፋረንሃይት ላይ ትተን፣ ልጃችን በየሳምንቱ እየገባ ያየዋል። ባዶ መሆኑን ለቤት ኢንሹራንስዎ ይንገሩ፤ ቧንቧ ቀዝቅዞ ቢፈነዳ "ሰው አልነበረበትም" እንዳይሉዎት።

ጥር የሰርግ ወር ነው፣ የጥሪ ካርድ ይዘንባል። ለስጦታ የሚሆነውን ብር ከመጀመሪያው ለብቻው ያስቀምጡ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ከመድኃኒት ብር ላይ ቀንሼ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ካፖርትዎን ግን ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ። መጋቢት ላይ ሚኒያፖሊስ ሲወርዱ በእጅዎ ይሁን።