የመኪና ጣሪያ መብራት፦ ለድሬዳዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 2 ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከድሬዳዋ ከዚራና ሳቢያን፣ ከሐረርም ላላችሁ። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ የሚታሰር ተጨማሪ መብራት እንዴት ሲገጠም የቦሎ ምርመራ እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይነገረን። መነሻችን ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ እና የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ ናቸው። ረቂቁ አሁን «አባላት የጣሪያ መብራት አስፋልት ላይ ላለማብራት ቃል ይገባሉ» ይላል። ይህ ይበቃል?

ከከዚራ፣ ኤሌክትሪሽያን፦
አይበቃም። መርማሪ ቃል አይለካም፣ ሽቦ ነው የሚያየው። ከፊት የሚመጣ መኪና ሲኖር ረጅም መብራት መቀነስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ወደ አጭር ሲመልስ የጣሪያው አብሮ እንዲጠፋ አድርገን እንሥራውና ያንን እናሳይ። ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ለብቻው ቁልፍ ያለው መብራት ሁለት ጊዜ እጅ ይፈልጋል። ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ሌሊት ከባድ መኪና ከኩርባ ሲወጣ ሁለተኛው እጅ አይደርስም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ባለ አራት እግር ሪሌ (በቀጭን መስመር ታዝዞ ወፍራሙን መስመር የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ)፣ 40 አምፔር። 30 ቁጥሩ ከባትሪ በፊውዝ በኩል ይመጣል፣ 87 ወደ መብራቱ ይሄዳል፣ 85 እና 86 ሪሌውን የሚያነቃው ቀጭን መስመር ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ብዙዎቹ ረጅም መብራታቸው የሚቆረጠው በማሳ (በኔጋቲቩ) በኩል ነው። 86ን ከረጅሙ መብራት ሽቦ ጋር፣ 85ን ከቦዲ ጋር ብቻ ካገናኘኸው ነገሩ ይገለበጣል፤ አጭሩ ሲበራ ሪሌው ይነቃል፣ ረጅሙ ሲበራ ይተኛል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ። የቴስተሩን ጥቁር ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የፊት መብራቱ ሶኬት ላይ ባለው የረጅሙ እግር ላይ አድርጉ። አጭሩ በርቶ 12 ቮልት፣ ረጅሙ በርቶ ወደ 0 ካነበበ በማሳ የሚቆረጥ ነው። ያኔ 86 በክሩስኮቱ ቁልፍ አልፎ ከሶኬቱ የጋራ እግር ፖዘቲቭ ይወስዳል፣ 85 ከረጅሙ እግር ጋር ይገናኛል። ለዚህ መስመር ባለ 1 ካሬ (ሚሊሜትር ካሬ) ሽቦ ይበቃል፣ ሪሌው ራሱ የሚጠጣው ከሩብ አምፔር በታች ነው።

ከሳቢያን፣ የመስክ መኪና ሹፌር፦
አቦ፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን ችግር አለው፤ አስፋልት ላይ ረጅም መብራት ሲበራ የጣሪያውም ሊበራ ነው። ፖሊስ የሚያስቆመን ለዚሁ ነው። እኔ ክዳን ይግባ እላለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕጉ ከመንገድ ውጭ ለሚሠራ መኪና እስከ 8 ተጨማሪ መብራት ይፈቅዳል። ነገር ግን ሽቦው ከሌሎች መብራቶች የተለየ እንዲሆን፣ መኪናው አውራ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ መብራቱ ጠፍቶ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን እንዲሸፈን ያዛል። የትራፊክ ፖሊስ በ50 ሜትር ላይ ሆኖ ሪሌህን አያይም፣ ክዳን ግን ያያል።

ከከዚራ፣ ኤሌክትሪሽያን፦
በክዳኑ እስማማለሁ፣ ብቻውን ግን አይሁን። ኤልኢዲ ባር ክዳን ተደርጎበት ሳይታወቅ ከበራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ክዳኑም ሊቀልጥ ይችላል። የድሬ ቀትር ሙቀት ሳይጨመር እንኳ ባሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ቆሞ ሲሠራም ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ያደክማል፤ ሰዎች «ቮልቴጅ አነሰው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ ክዳን ሲለበስ ፊውዙ ተነቅሎ ክሩስኮቱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ነቅሎ ማሳየት ለፖሊስም ቀላል ነው።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ሦስቱም ይግቡ፦ ከረጅሙ መብራት ጋር የታሰረ ሪሌ፣ ክዳን፣ የሚነቀል ፊውዝ። «ቃል ይገባሉ» የሚለው ይውጣ። ስለ ሽቦው ውፍረት ረቂቁ «በቂ ሽቦ» ብቻ ነው የሚለው፣ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ከከዚራ፣ ኤሌክትሪሽያን፦
ቁጥሩ ይኸው። አራት ባለ 55 ዋት መብራት 220 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር አካባቢ። ከባትሪ ጣሪያ ድረስ በበሩ ምሰሶ በኩል 5 ሜትር ብንይዝ፣ ከመመለሻው ጋር 10 ሜትር ነው። በባለ 2.5 ካሬ ሽቦ መንገድ ላይ 1.26 ቮልት ይጠፋል፣ በባለ 6 ካሬ ከግማሽ ቮልት ትንሽ ያለፈ ነው። ሃሎጂን አምፖል ደግሞ ለቮልቴጅ ስስ ነው። ከ13.5 ቮልት 1.26 ሲቀነስበት ከሩብ በላይ ብርሃኑን ያጣል። መብራት ደከመ ተብሎ ትልቅ አምፖል ይገዛል፣ ትልቁ የበለጠ አምፔር ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ምሰሶው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል። አራት ባለ 100 ዋት ቢደረግ 33 አምፔር ነው። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ኤሲው እየሠራ ከሆነ አሮጌ ዲናሞ አይችለውም፣ ጉድለቱን ባትሪው ይከፍላል።

ፊውዙ 25 አምፔር ሆኖ ከባትሪው ከ20 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ። መብራቱ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ መብራቱን እንጂ ሽቦውን አይጠብቅም። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ ላይ ተፍቆ ማሳ ቢነካ ከባትሪው እስከዚያ ያለው በሙሉ ይቃጠላል። ለኤልኢዲ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፣ ባሩ በርቶ አምፔሩ ይለካ።

ማሳውን ከፖርቶመጋላው አትውሰዱ። ቀለምና ጎማ መሐል ስላለ አንድ ቀን ይሠራል፣ በዝናብ ማግስት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። መመለሻው እንደ ፖዘቲቩ ወፍሮ እስከ ባትሪ ይምጣ።

ከሐረር፣ አባል፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሜዳው ነው። እኔ የምጨነቀው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ለሚያወጣው ለደንገጎ ዳገት ነው። ጉም ሲወርድ የጣሪያ መብራት የሚያበራ ሰው ራሱን ነው የሚያሳውረው። መብራቱ ከዓይን በላይ ስለሆነ በዓይንና በመንገዱ መካከል ያለውን ጉም በሙሉ ያበራዋል፣ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ነው። አቧራም እንደዚያው ነው። በተከታታይ ሲነዳ የኋላው መኪና የፊተኛውን አቧራ ያበራል፣ ከዚያም አልፎ የፊተኛውን ሹፌር በመስታወት ያሳውረዋል። «በጉምና በአቧራ የጣሪያ መብራት አይበራም፣ በተከታታይ ጉዞ የሚያበራው መሪው ብቻ ነው» የሚል ይግባልኝ። ለጉም ከፓራውልት (ከፊት መከላከያው) በታች የሚታሰር ጥንድ መብራት ይሻላል።

ከኮፋኖው (ከሞተሩ ክዳን) ላይ የሚመለሰውም ብርሃን አለ። ነጭ ላንድክሩዘር ላይ ኮፋኖው እንደ መስታወት ያበራል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሩቁ ይጠፋል። መብራቱን ከፖርቶመጋላው ጫፍ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ መሳብና ከሥሩ ጥቁር ላሜራ መዘርጋት ይበቃል።

ከሳቢያን፣ የመስክ መኪና ሹፌር፦
እውነት ነው። አነጣጠሩም ይጻፍ። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ይቁም። የመብራቱ ቁመት ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት ይደረግበት፣ የብርሃኑ ማዕከል ከምልክቱ 10 ሳንቲሜትር ይውረድ። 2 ሜትር ላይ ያለ መብራት እንዲህ ሲሆን ማዕከሉ 200 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ዕቃ ሲጫን መኪናው ከኋላ ይሰምጣል፣ መብራቱም ሽቅብ ያያል። ስለዚህ ጭነቱ እንዳለ ይነጣጠር።

ኮረኮንች የሚፈታው ቡሎንም አለ። ናይሎን ያለው ዳዶ (የቡሎኑ ማሰሪያ) ይደረግ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ ብቻውን አይዝም። አሉሚኒየም ፖርቶመጋላ ላይ ተራ ብረት ቡሎን ካለ መሐሉ የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ፣ አለዚያ ይበላዋል።

ጸሐፊ፦
ለምን እንደምንጠይቅ የሚገልጸው አንቀጽ ደካማ ነው። «ለውበት» ብለን እንዳንታይ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ የተፈለገው ከፍ ብሎ ጎን ለጎን የሚያበራ መብራት ነው። አሸዋ ወንዝ ሲሻገር፣ መኪና ሲጎተት፣ ግመል የተኛበት ሜዳ ላይ ድንኳን ሲተከል ጥቅሙ ይኸው ነው። የሥራ መብራትና የመንጃ መብራት በረቂቁ ተለይተው ይጻፉ። የጎኑና የኋላው የሥራ መብራት የሚበራው መኪናው ሲቆም ነው፣ ክሩስኮት ላይም በርቶ እንዳይረሳ ጠቋሚ አምፖል ይኑረው። ቀይና ሰማያዊ የሚባል ቀለም አይኑር፣ ያ የአምቡላንስና የፖሊስ ነው።

ሌላው፣ የድሬዳዋ ደብዳቤ ብቻውን ሐረር አያደርሰንም። ደንገጎን ከወጣን ኦሮሚያ ነው፤ ሐረማያና አወዳይ ላይ የሚያስቆመን ሌላ ፖሊስ ነው። ወደ ሽንሌም ከሄድን ሶማሌ ክልል ነው። ጥያቄው ለድሬዳዋ ይቅረብ፣ ግልባጩ ለኦሮሚያ፣ ለሶማሌና ለሐረሪ ትራንስፖርት ይሂድ። መልሱ ሲመጣ ኮፒው ከሊብሬው ጋር ይያዝ።

ሰብሳቢ፦
ተቀብያለሁ። ከሐረር የመጣው የጉም ሐሳብ አንቀጽ 5 ሆኖ ይገባል። የሽቦውን ንድፍ ከከዚራ ያለው ወንድማችን በአንድ ገጽ ይሳልልን፣ ሁለቱንም ዓይነት፣ በማሳ የሚቆረጠውንም በፖዘቲቭ የሚቆረጠውንም። ክዳኑን ከሳቢያን ወገን ለሦስት መኪና አሠርታችሁ ፎቶ ላኩ፣ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። ሌላ ማስተካከያ ያለው?

ከሐረር፣ አባል፦
ክዳኑ ላይ አጭር ገመድ ታስሮ ከመብራቱ እግር ጋር ይያዝ። ነፋስ ነጥሎ አስፋልት ላይ ከጣለው ለኋላ መኪና አደጋ ነው።

ከከዚራ፣ ኤሌክትሪሽያን፦
ንድፉን እስከ ቅዳሜ አደርሳለሁ። አንቀጽ 4 ላይ ግን «በቂ ሽቦ» የሚለው በ«ባለ 6 ካሬ» ሲተካ አጠገቡ «ብዙ ክር ያለው» ይጨመር። አንድ ክር ያለው የቤት ሽቦ ርካሽ ስለሆነ ገዝቶ የሚመጣ አይጠፋም፣ እሱ ደግሞ በንዝረት ከሪሌው አፍ ላይ ይሰበራል።