ተማሪ ትራፊክ እኛ ሰፈርም ይጀመር?

ወላጆች ስብሰባ ላይ የተነሳ ሐሳብ ነው። ልጆች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ «ቁም» የሚል ምልክት ይዘው ዜብራ ላይ ጓደኞቻቸውን ያሻግሩ ተብሏል። አዳማዎች፣ ምን ትላላችሁ?

የባጃጅ ሹፌር፦ እደግፋለሁ። ሹፌር ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ይፈራል፣ ልጅ ሲያይ ግን ያፍራል። ሰደርያ የለበሰች ልጅ እጇን ስታነሳ እንዴት ጥሰህ ትሄዳለህ? ደግሞ ቤት ገብታ አባቷን «ቀስ ብለህ ንዳ» ትለዋለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ያንተ ባጃጅ ይቆማል። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ተሳቢስ? ፍሬን ስለተያዘ ብቻ እዚያው ቀጥ አይልም። ትንሽ ልጅ ደግሞ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ይከብደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። እነዚሁኑ ልጆች አስፋልት መሃል እናቁማቸው? እኔ ልጄን አልሰጥም።

መምህር፦ እናትየዋ ልክ ናቸው። ግን ልጆቹን ቤት አስቀምጠን ስለ እነሱ መወሰንም አይሆንም። ሰፈሩን በእግር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቱ ማዕዘን ላይ ባጃጅ ሳያይ እንደሚታጠፍ፣ የት የቆመ ሲኖትራክ እንደሚጋርዳቸው፣ የት ቦይ ተከፍቶ ወደ አስፋልት እንደሚገፋቸው ጠይቋቸው። ክፍል ውስጥ የሰፈሩን ካርታ ይሳሉ፣ አስጊ ቦታዎችን በቀይ ያክብቡ። ያንን ይዘን ቀበሌ እንሂድ፣ ጉብታ እንጠይቅ። በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በ50 ከሆነ የመሞት ዕድሉ በእጥፍ ድርብ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍጥነቱን የሚይዝልን ነገር ይምጣ።

የባጃጅ ሹፌር፦ መምህር፣ ካርታው ጥሩ ነው። ግን ጉብታው እስኪሠራ ስንት ወር እንጠብቃለን? ልጆቹ እኮ ነገም ጠዋት ይሻገራሉ! ማን ያሻግራቸው?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኛ ነና! ሰደርያውን ትልቅ ሰው ይልበስ። ጠዋት መግቢያና ማታ መውጫ ላይ ወላጆች ተራ እንግባ። ትልልቆቹ ተማሪዎች እግረኛ መንገዱ ላይ ሆነው ታናናሾቻቸውን ያሰልፉ። አስፋልት ግን አይርገጡ።

የባጃጅ ሹፌር፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ፣ አንድ ጠዋት ለእኔ ያዙልኝ። ተሳቢ የሚያልፍበት ዋናው መንገድ ላይ ግን እኛም አንበቃም። እዚያ ትራፊክ ፖሊስ እንዲመደብልን ከካርታው ጋር አብረን እንጠይቅ።