ጥንቸል ቤት ውስጥ የት ትቀመጥ? የጅማ ሰዎች ጥቆማ

ጥያቄ፣ ከአጂፕ

ሰላም የጅማ ሰዎች። ለልጄ አክስቷ አንዲት ነጭ ጥንቸል አምጥታላታለች። ለጊዜው ካርቶን ውስጥ ናት፤ እሱንም በልታ ልትጨርሰው ትንሽ ነው የቀራት። ቤታችን ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ነው፣ ከኋላ ሰርቪስ አለን። የት ላስቀምጣት? ኬጅ ልግዛ፣ አናጢ ጋር ላሠራ ወይስ ብየዳ ቤት ልሂድ? ባለቤቴ «ከዶሮዎቹ ጋር ትደር» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። የሞከረ ሰው ካለ ይጠቁመኝ።

መልስ፣ ከጅሬን

እህቴ፣ በመጀመሪያ ባለቤትሽን ከዶሮው ሐሳብ መልሺው። ዶሮ ትነቁራታለች፣ ኩሷም በሽታ ያመጣባታል። ማታ ማታ ደግሞ ሽለምጥማጥ ቆጥ ሥር እንደሚዞር አንቺም ታውቂያለሽ።

እኔ ጥንቸል ማሳደግ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ያልሞከርኩት የቤት ጥግ የለም። የመጀመሪያዋን ያስቀመጥኳት ሰርቪስ ቤት ነበር። ሐምሌ ላይ ማስነጠስ ጀመረች። ብርድ ነው ብዬ ጆንያ ደራርቤ አነጠፍኩላት። አንድ ቀን አንስቼ ሳያት የፊት እግሮቿ የውስጥ ፀጉር ርሶ ተጣብቋል፤ ለካ አፍንጫዋን በነሱ ስትጠርግ ነው የከረመችው። ጆንያውን ብገለብጠው ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ! የጅማን ዝናብ መቼም ለአንቺ አልነግርሽም፣ አንዴ ከያዘ እስከ መስከረም ግድግዳ አይደርቅም። ጥንቸል ብርዱን ትችለዋለች፤ የማትችለው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ሙቀትም አይሆንላትም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመቻታል፣ ወደ 30 ሲጠጋ ትጨነቃለች። ቆርቆሮው የካቲት ላይ የሚግል ሰርቪስ እንግዲህ በክረምትም በበጋም አልሆነም ማለት ነው።

ወጥ ቤት በከሰሉ ጭስ የተነሳ አይታሰብም። መኝታ ቤትም ሞክሬያለሁ፤ ጥንቸል የምትነቃው ንጋትና ምሽት ላይ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሽቦ ስትነክስ መተኛት ከቻልሽ ሞክሪው።

እኔ የምመክርሽ ሳሎን ነው። ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ያለ፣ ዕጣን ከሚጨስበት ከረከቦቱ ደግሞ ይበልጥ የራቀ ጥግ ፈልጊ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ገበያ ላይ የምታገኚው የሽቦ ኬጅ ለወፍና ለጫጩት የታሰበ ነው። ጥንቸል ከእግሯ ሥር ያላት ፀጉር ብቻ ነው፣ እንደ ድመት መዳፏ ላይ ለስላሳ ሥጋ የለም። ሽቦ ላይ ከዋለች ተረከዟ ተልጦ ይቆስላል። ከገዛሽም ወለሉን በጣውላ ሸፍኚው። ቁመቱ ደግሞ በኋላ እግሯ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያ የማይነካበት፣ ርዝመቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚያዘልላት መሆን አለበት። እኔ ካየኋቸው አንዱም ይህን አያሟላም።

ጅማ በአናጢ አይታማም፣ በርጩማችንን አገር ያውቀዋል። እኔም ሳጥን አሠርቼ ነበር፤ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ሁለት ወር አልቆየም። ሽንቷ ጣውላው ውስጥ ሰርጎ በበረኪና ባጥበው፣ ፀሐይ ላይ ባውለው አልለቅ አለ። ጠርዙንም እንደ በቆሎ እሸት ጋጠችው።

ያዋጣኝ ብየዳ ቤት ነው። አራት ፍርግርግ አሠራሁ፣ እያንዳንዱ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ፣ በማጠፊያ የተያያዘ። ጣሪያም ወለልም የለውም። ሁለቱን ግድግዳ ተጠቅመሽ ስትዘረጊው 2 በ2 ሜትር ግቢ ይሆናታል፤ እንግዳ ሲመጣ አጥፈሽ ከበር ኋላ ታቆሚዋለሽ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 ሳንቲ እንዳይበልጥ ቆመሽ አስለኪ። የኔን የሠራልኝ ሰው «ይበቃል» ብሎ አስፍቶት ትንሿ ጥንቸል ጭንቅላቷ ተቀርቅሮ አግኝቻታለሁ። ቀለሙም ሽታው ሳይጠፋ እንዳታስገቢያት። ሊሾም ሆነ ሴራሚክ ስለሚያንሸራትታት ከታች ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከላዩ ያረጀ ጨርቅ አንጥፊ።

ስለ ሽታው አትስጊ። ጥንቸል ሽንቷን የምትሸናበትን ጥግ ራሷ ትመርጣለች፤ የመረጠችበት ቦታ ሳፋ አስቀምጪ፣ ጋዜጣ አድርጊበት፣ ከላይ ድርቆሽ ጨምሪ። እየበላች ነው የምትጸዳዳው። በየቀኑ ከቀየርሽው ሳሎንሽ አይሸትም። ሰጋቱራ ከአናጢ በነጻ ይገኛል፣ ግን አቧራው አፍንጫዋን ያስቆጣል፤ የጥድ ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም። የቡና ገለባ እዚህ በሽ ነው፣ ርካሽም ነው፣ ብዙ ሰውም ያነጥፋል። ተዪው! ካፌን አለበት፣ እሷ ደግሞ ያነጠፍሽላትን ሁሉ ትቀምሳለች። ለልጅሽም ንገሪያት፦ የአቮካዶ ልጣጭም ቅጠልም እንዳትሰጣት፣ መርዟ ነው።

መልስ፣ ከፈረንጅ አራዳ

በሳሎኑ እስማማለሁ፣ በብየዳው ግን ቶሎ ገንዘብ አታውጪ። እኔ ልጆቼ ያደጉበትን የሕፃን አልጋ ፈትቼ ጎኖቹን በገመድ አያይዤ አጥር ሠራሁላት። እንጨቱን ትግጠዋለች፣ እውነት ነው፤ ግን አንድ ዓመት አገልግሎኛል። ትቆይ አትቆይ ሳይታወቅ ብረት ማሠራት ምን ያስቸኩላል? ደግሞ የጅሬኗ እህታችን ዋናውን ረሳችው፦ የኤሌክትሪክ ገመድ! የኔዋ ሁለት ቻርጀርና የቴሌቪዥኑን ማከፋፈያ በልታለች። በሕይወት መኖሯ ይገርመኛል።

ከታመመች የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ አለልሽ፣ እዚያ ጠይቂ። ግማሽ ቀን ካልበላች ነገ አትበዪ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ በአፏ እንዳትሰጫት፣ ሆዷን አበላሽቶ ይገድላታል።

ጠያቂዋ፣ ከአጂፕ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በሜትር ለካሁት፣ ሳሎኑ ውስጥ 2 በ2 የሚወጣው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ረከቦቱ ያለበት ነው። ቡናውን ወደ በረንዳ ላውጣው ብዬ ሳስብ አማቴ ሰምታ እስካሁን አኩርፋለች። ጥንቸሏ ግን ከሁላችንም ቀድማ ወስናለች። ከሰዓት ለቡና የተጎዘጎዘውን ቄጤማ አንድ በአንድ ለቅማ በልታ እዚያው ጥግ ተዘርግታ ተኝታለች። ነገ አልጋውን ነው የምፈታው፤ ብረቱ ለመስከረም ይቆይ።