ኅዳር 26 ቀን 1928፦ የደሴን ድብደባ አየሩን፣ ባሕሩንና ፖለቲካውን አንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት እናስቀምጥ?

የጦሳ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችበትን ቀን የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ ለትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ እየተዘጋጀ ነው። ሦስት ዓምድ አለው፦ አየር፣ ባሕር፣ ፖለቲካ። ሦስቱም ላይ ጥያቄ አለ። ቀኑን አንዱ ጽሑፍ ኅዳር 26፣ ሌላው ኅዳር 27 ይለዋል፤ የውጭ ጋዜጦች ደግሞ ዲሴምበር 7 ላይ ነው ያወጡት። የባሕሩ ዓምድ ባዶውን ቀርቷል፤ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ከባሕር ጋር ምን አገናኛት የሚሉ አሉ። የእንግሊዙና የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ የሆርና የላቫል ስምምነትስ ከድብደባው ይቀድማል ወይስ ይከተላል? የምታውቁ እርዱን።

ባሕረ ሐሳብ
አብሽር፣ ቀኑ በስሌት ይፈታል። ድብደባው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ ዓርብ ነው። በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.።

27 የሚለው የሚመጣው በተለመደው ሠንጠረዥ ከመቀየር ነው። 5500 ላይ 1928 ደምሩ፣ 7428 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ቀሪ የሌለው ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነው። ከእሱ በፊት ያለፈው 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ሆናለች፤ እንቁጣጣሽም በሴፕቴምበር 12 ዋለ። በሌላው ዓመት ኅዳር 1 ከኖቬምበር 10 ጋር ሲገጥም በ1928 ግን ከኖቬምበር 11 ጋር ነው የሚገጥመው። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1936 ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ይስተካከላል። ስለዚህ አንዱን ቀን አርማችሁ ሌላውን አትተዉት። ጦርነቱ የጀመረበት ኦክቶበር 3 መስከረም 22 ነው፣ 23 አይደለም። በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ መጀመሪያ ኖቬምበር 18 ኅዳር 8 ነው።

መፈተኛው የሳምንቱ ቀን ነው። የ1928 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ፤ 85 ቀን ስትቆጥሩ ኅዳር 26 ዓርብ ላይ ታርፋላችሁ። ቀኑና የሳምንቱ ስም ካልተስማሙ ቅየራው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዲሴምበር 7 የወጣው ጋዜጣ የታተመበትን ቀን ነው የያዘው። በዜናው መጀመሪያ ላይ፣ ከከተማው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሿን ቀን ነው ማንበብ ያለባችሁ። ሰዓት የምትጽፉ ከሆነም የፓሪስ ሰዓትና የደሴ ሰዓት አንድ አይደሉም። በፀሐይ ብቻ ቢለካ ደሴ ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ የእኛን የ6 ሰዓት ልዩነት ጨምሩ። ደቂቃ እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ጠዋት» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

የቦርከና ዳር
ባሕሩን ባዶ እንዳትተዉት አደራ! ጣሊያን ወታደሩን፣ ቦምቡንና ነዳጁን በስዌዝ ቦይ አሳልፎ ነው ምጽዋና አሰብ ያወረደው። የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለማንኛውም ባንዲራ ክፍት ይሁን ስለሚል እንግሊዝ አልዘጋችውም። የጦር መርከቦቿን ግን አንቀሳቅሳለች፦ ሁድና ሪናውን በሴፕቴምበር 1935 ጂብራልታር ገብተዋል፣ የሜዲትራኒያን መርከቦቿም ከማልታ ወደ እስክንድርያ ተዛውረዋል። ይህ ከኅዳር 26 በፊት የሆነ ነው፤ «በዚያ ቀን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሕተት ነው። «በዚያ ቀን የነበረው ሁኔታ» የሚል ንዑስ ርእስ ስጡት።

ከኢትዮጵያ በኩል ያለውም ባሕር አይረሳ። ወደብ ስለሌለን መሣሪያ የሚገባው በጅቡቲና በ784 ኪሎ ሜትሩ ባቡር ነበር፤ ፈረንሳይ ደግሞ መተላለፊያውን አጠበበችው። በደሴ ሰማይ ላይ የሚተኩሰው ጸረ አውሮፕላን መሣሪያ ለምን ጥቂት እንደሆነ የሚያስረዳው አንዱ ነገር ይሄው ነው።

አየሩ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አሰብ የጣሊያን የአየር ሰፈር ነበረባት፤ ከዚያ እስከ ደሴ ቀጥታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ስትሥሉ መስመሩን በዛሬው መንገድ አታስኪዱት። የአብራሪዎች ከፍታ ደግሞ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ነው የሚቆጠረው፤ ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች 3,500 ሜትር የሚል ስታዩ ከጣራ በላይ 1,000 ብቻ ነው። ይህን ያልቀነሰ ሰው አውሮፕላኖቹ ከመሣሪያ ተኩስ ውጭ ነበሩ ብሎ ይጽፋል። የቦምቡን ዓይነትም ለዩት። ተቀጣጣይ ቦምብም ስለተጣለ በሣር ክዳን ቤት ላይ ጉዳቱ ከፍንዳታው ይልቅ በእሳቱ ይበዛል።

የአራዳ መዝገብ
ስምምነቱ ይከተላል። ሆር ፓሪስ የደረሰው በማግስቱ፣ ቅዳሜ ኅዳር 27 ነው። ወረቀቱ ላይ የተስማሙት እሑድ 28፣ በፈረንሳይ ጋዜጦች ያፈተለከው ሰኞ 29። ስለዚህ የዓርቡ የፖለቲካ ዓምድ ላይ ስምምነቱ መግባት የለበትም። ዓርብ ላይ የሚገባው የማዕቀቡ ሁኔታ ነው፦ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ከተጀመረ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ነዳጅ አልተካተተበትም፣ በነዳጁ ላይ የሚመክረው ስብሰባም ለዲሴምበር 12 ተቀጥሯል። ይኸውም ታኅሣሥ 2 ነው።

ስምምነቱን ግን ከሰሌዳው ግርጌ «በተከታዮቹ ቀናት» ብላችሁ አስገቡት፤ ሦስቱን ዓምዶች የሚያስተሳስረው እሱ ነው። ሰፊ የትግራይና የኦጋዴን መሬት ለጣሊያን ሰጥቶ ለኢትዮጵያ የባሕር መውጫ በአሰብ በኩል ያቀርባል። አውሮፕላን የሚነሣባትን ወደብ ማለት ነው! ሆር ታኅሣሥ 8 ከሥልጣን ወረደ።

የጦሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልን፣ ተቃንቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ባልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አኑረው የሚታዩበት ፎቶስ? ከሥሩ የተለያየ ቀን ተጽፎ ይገኛል።

የአራዳ መዝገብ
ከሥሩ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ፎቶው የታተመበት ወይም ኤጀንሲው እጅ የገባበት ነው። ከደሴ ቴሌግራም በዕለቱ ይወጣል፤ ፊልም ግን በሰው እጅ ተይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቀናት ይዘገያል። «ደሴ፣ ኅዳር 1928» ብላችሁ ቀኑን ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የተመታውን ሆስፒታል በስሙ ጻፉት፦ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል፣ ከቀይ መስቀል ድንኳኖች ጋር። «አንድ የሕክምና ተቋም» ብቻ ከተባለ ክብደቱ ይጠፋል፤ የ1929ኙ የጄኔቭ ስምምነት የሚጠብቀው ይህን የመሰለውን ቦታ ነው፣ በደሴ የነበሩት ሐኪሞች ወደ ጄኔቭ የተቃውሞ ቴሌግራም የላኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሟቾችንና የአውሮፕላኖቹን ቁጥር በተመለከተ ጽሑፎች ስለማይስማሙ፣ የምትመርጡትን ቁጥር ማን እንዳለው ሳትጽፉ ለብቻው አታስቀምጡ።