ከሰኞ ገበያ በላይ የነበረውን ጠጅ ቤት የሚያስታውስ አለ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያደጋችሁ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ፣ እስቲ አግዙኝ። ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ስትወጡ ዳገቱ ላይ በስተግራ ድሮ ጠጅ ቤት ነበር። የነገረኝ አያቴ ነው። እሱ ሙስሊም ነው፣ ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የሚጠጣው ብርዝ ነበር። ሰኞ ሰኞ እህሉን ሸጦ ሲጨርስ ከክርስቲያን ጓደኛው ጋር እዛ ቁጭ ይላሉ፣ አንዱ ጠጅ አንዱ ብርዝ ይዘው፣ ከዛ ሳይመሽ አብረው ወደ አገራቸው ይወጣሉ። ጓደኛው ከሞተ ቆየ። አያቴም ዓይኑ ደክሟል፣ በየጊዜው "ያ ቤት አለ?" ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። የለም። የቀረው አራት የድንጋይ ደረጃ ነው፣ መሀል መሀሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ከጀርባ፣ ቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ጌሾ በቅሏል። በቃ። የባለቤቷን ስም አያቴ ረስቶታል፣ "እትዬ" ብቻ ነው የሚላት። ጣሊያን የሠራው ቤት ነው ያለኝም ሰው አለ። ስሟንና ቤቱ ለምን እንደተዘጋ ባገኝለት ደስ ይለኛል።

ቧንቧ ውሃ፦
ወንድሜ፣ የጣሊያኑን ነገር ቶሎ አትቀበል። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፣ በሚያዝያ 1933 ለቆ ወጥቷል። እኛ አገር የድንጋይ ደረጃ ያለው ቤት ሁሉ ለሱ ይሰጣል። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ያሠሩት እኮ ጣሊያን ከመምጣቱ ከስንት ዓመት በፊት ነው! ግንበኛ ነበረን።

ስሟን በወረቀት ለመፈለግ ከ1967 ጀምር። በዚያ ዓመት ሐምሌ በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሴትየዋ ከመኖሪያዋ ሌላ የምታከራየው ክፍል ከነበራት ቀበሌ ወርሶታል ማለት ነው፣ ስሟም ከቤቱ ፋይል ጋር ሊገኝ ይችላል። አንዴ "ፋይል የለም" ካሉህ ተስፋ እንዳትቆርጥ፣ ተመላልሰህ ጠይቅ።

የኮምቦልቻዋ፦
እናቴ ጠጅ ጥላ ነው ያሳደገችን፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ጠጅ ቤት ድሮ ታፔላ የለውም፤ የሚጠራው በሴትየዋ ስም ነው፣ "እትዬ እገሊት ቤት" ተብሎ። ስሟ ከጠፋ ቤቱም ጠፋ። ከቀበሌው በፊት የሰፈሩን እድር ጠይቅ፣ መዝገባቸው ላይ አትጠፋም።

ለምን ተዘጋ ላልከው፣ የኛን ልንገርህ። እናቴ ጋኑን በወይራ አጥና፣ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣ፣ ጌሾ ጨምራ ነበር የምትጥለው። ማር ሲወደድ ሰዉ ሁሉ ስኳር መቀላቀል ጀመረ። እሷ እምቢ አለች። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ወጣቱ ወደ ድራፍቱ ሄደ። የመጨረሻዎቹ ደንበኞቿ አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ዝንብ እንዳይገባ የብርሌውን አፍ በአውራ ጣታቸው ደፍነው ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱ። እነሱ ሲያልቁ ጋኑ ተደፋ።

ሸዋ በር፦
እኔ ቤቱን አውቀዋለሁ! ደረጃው አራት አይደለም፣ ስድስት ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴን እንድጠራ ስላክ እየቆጠርኩ ነበር የምወጣው። መንገዱ ተደልድሎ ከፍ ሲል የታችኞቹ ሁለቱ ተቀበሩ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሴትየዋ ቀድማ ፋኖሱን ይዛ በሩ ላይ ትቆምና "በሉ ልጆቼ፣ ቤታችሁ ግቡ" ትላለች፣ ስልሳ ዓመት የሞላውንም ልጄ ነበር የምትለው። ነጭ ሻሽ ታስራለች። ስሟን ግን እኔም እትዬ ከማለት በቀር አላውቀውም። ታላቅ እህቴን ጠይቄ እመለሳለሁ፣ አብሽር።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የስድስቱን ደረጃ ለአያቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "አዎ፣ አምስተኛው ይነቃነቅ ነበር" አለኝ። ከጌሾውም ጥቂት ቅጠል ቆርጬ ወሰድኩለት፣ በመዳፉ አሽቶ ሲያሸት ቆየ፣ እስከ ማታ ከእጁ አልጣለውም። የፊታችን ሰኞ እድሩ ጋ እሄዳለሁ። ፎቶ ያለው ሰው ካለ፣ የበሩ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ እባካችሁ እዚህ ልቀቁልኝ።