«ሪዲም» ምት ነው? «ዲጄ»ስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከሬጌ ስለተወለደው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ስለ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ዳንስሆል፣ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሪዲም»ን «ምት» ብለው ያስኬዳል? ድምፃዊውን «ዲጄ» የሚሉትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ «ምት» አያደርስህም ወንድሜ። ሪዲም የከበሮውና የቤዙ አጃቢ ሙዚቃ ነው፤ የራሱ መጠሪያ አለው፤ ብዙ ድምፃውያን በአንዱ ላይ የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ያወርዱበታል። መጠሪያውን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቀድሞ ከተወደደው ዘፈን ነው።

«ስሌንግ ቴንግ» የተባለውን ሪዲም ውሰድ። ኖኤል ዴቪና ዌይን ስሚዝ ካሲዮ ኤምቲ-40 በተባለች ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ «ሮክ» የሚባል አጃቢ አገኙ። አጃቢውን የሠራችው በካሲዮ ትሠራ የነበረችው ጃፓናዊት ሂሮኮ ኦኩዳ ናት። ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ፍጥነቱን ቀነሰና ኪንግስተን፣ ዋተርሃውስ ሰፈር ባለው ስቱዲዮው የዌይን ስሚዝን ድምፅ ቀረጸበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ቤዝ ጊታሪስትም ከበሮ መቺም አልነበረበትም። የዲጂታሉ ዳንስሆል ወርቃማ ዘመን ከዚህ ይቆጠራል፤ በዚያው ሪዲም ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠርተዋል። ለእኔ በሬጌ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚደንቅ ነገር የለም።

ቃሉ ግን ከኪቦርዱ ይቀድማል። ቴነር ሶው በዚያው በ1985 «ሪንግ ዘ አላርም»ን የዘፈነው ሙዚቀኞች በእጃቸው በተጫወቱት በ1973ቱ «ስታላግ» ሪዲም ላይ ነው።

ሌላ አባል፦ «ቅኝት» ብንለውስ? በትዝታም ሁሉም የየራሱን ግጥም ያወርድ የለም?

መልስ፦ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ እህቴ፤ የጋራ መሆኑን ያሳያል። ግን ቅኝት የድምፆች አሰላለፍ ነው፤ ሪዲም ደግሞ የተቀረጸ ሥራ ነው፤ ፕሮዲውሰር አለው፣ የወጣበት ዓመት አለው። እኔ «ሪዲም» እንዳለ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ሲጠቀስ ብቻ «መጠሪያ ያለው አጃቢ ሙዚቃ» ተብሎ ይብራራ ባይ ነኝ።

ወደ «ዲጄ» ስንመጣ፣ በሳውንድ ሲስተም፣ ማለትም በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ሸክላ በሚጫወትበት ጭፈራ ላይ፣ ማይክ ይዞ በሸክላው ላይ የሚናገረው ሰው ነበር የሚጠራበት፤ እንደ ዩ-ሮይ ያሉት ንግግሩን ራሱን የቻለ ጥበብ አደረጉት። ስለዚህ ሻባ ራንክስና አድሚራል ቤይሊ ዲጄ ናቸው፣ ዌይን ስሚዝ ግን ዘፋኝ ነው። ሸክላ መርጦ የሚያጫውተው «ሴሌክተር» ይባላል። የእኛን ሠርግ ቤት ዲጄ በአእምሮህ ይዘህ ከተረጎምከው ጽሑፉ ይገለበጥብሃል። በዘፈንና በንግግር መካከል የሚሄደውን ደግሞ «ሲንግጄይ» ይሉታል።